የማር ጋንና የማር ዳቦ፦ ከሩስያ ምድጃ እስከ ምዕራብ ጎጃም ጓዳ

በአማርኛ «ጣፈጠ» የሚለው ግሥ ሁለት ፍቺ ተሸክሞ ይኖራል። ማር ይጣፍጣል፤ ጨውና ቅመሙ የተመጠነለት የዶሮ ወጥም ይጣፍጣል። ቋንቋው የማርን ጣዕምና በሙያ የተሠራን የማናቸውንም ምግብ ጣዕም በአንድ ቃል ሲጠራ፣ ጣፋጭ ነገር ከዋናው ማዕድ ተነጥሎ የራሱ ሰዓትና የራሱ ሳህን ሳይኖረው የቆየ መሆኑን ይመሰክራል። በሩስያኛ ግን ሁለቱ ተለያይተው ይነገራሉ። «ስላድኪ» የማርና የስኳር ጣዕም ነው፤ «ፍኩስኒ» ደግሞ ጣፋጭም ይሁን ጨዋማ፣ አፍ የወደደው ምግብ ሁሉ ነው። ሩስያውያን ጣፋጩን ለይተው ስም አወጡለት፤ ከስሙም ጋር ምድጃ፣ የእንጨት ቅርጽ፣ የበዓል ቀንና የገበያ ስፍራ ሰጡት።

ይህ ልዩነት ከምን መጣ? ጥያቄው ለምዕራብ ጎጃም በተለይ የሚገባ ጥያቄ ነው። ከደምበጫ በጅጋ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም በማንኩሳ አልፎ እስከ ቡሬ የሚዘልቀው አገር ማር ያልጠፋበት አገር ነው። ስንዴ አለ፤ ቅቤ አለ፤ አይብ አለ፤ እንቁላል አለ፤ ዝንጅብልና ኮረሪማ አለ። የሩስያ ባልትና ለበዓል ጣፋጭ ከሚያሻው ነገር ሁሉ የጎጃም ሴት በጓዳዋ የማታገኘው እጅግ ጥቂቱን ነው። ይህ እንዲህ ሳለ ከሩስያ የማር ዳቦ፣ ከጎጃም የማር ጠጅ ገንኖ ወጣ። ምክንያቱን የባልትና ማነስ ነው የሚል ቢኖር የጎጃምን ሴት እጅ አያውቅም። መልሱ የሚገኘው ማሩ ከቀፎ ከወጣ በኋላ የሄደበትን መንገድ በመከተል ነው።

የማሩ አገር

ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። የዛሬ ስሟ ግእዝ ሲሆን «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። በዚህች ከተማና በቡሬ ዙሪያ ያለው ገጠር ክረምቱ ሲወጣ ቢጫ ይለብሳል። በመስከረም አደይ አበባና ሜጭ ሜዳውን ይይዙታል፤ እነርሱ ሳይረግፉ የኑግ ማሳ ያብባል። ንቡም ይህን ሁሉ ቀስሞ በጥቅምትና በኅዳር ዋናው የማር ቆረጣ ይደርሳል። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ፣ የበልግ ዝናብ ዛፉንና ቁጥቋጦውን ባስፈነዳበት ዓመት፣ ሁለተኛ ቆረጣ ይኖራል።

ባህላዊው ቀፎ ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ እንደ ድብልብል ቅርጫት ተሠርቶ፣ በእበትና በጭቃ ተመርጎ፣ ከዛፍ ላይ ወይም ከቤት ጣራ ሥር የሚቀመጥ ነው። ከእንዲህ ያለው ቀፎ በዓመት የሚገኘው ማር በአማካይ 5 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ገበሬው በምሽት ጢስ አጢሶ እንጀራውን ሲቆርጥ ማሩ ከነሰሙ፣ ከነአበባ ብናኙ አብሮ ይወጣል። ይህ «ከነሰፈፉ» የሚባለው ማር ነው። ነገሩ ተራ ይምሰል እንጂ ብዙ ነገር የወሰነ ነው፤ ምክንያቱም ማርን ከሰሙ ለመለየት ከሁሉ የቀለለው ዘዴ በውሃ መበጥበጥ ነው። በውሃ ሲበጠበጥ ሰፈፉ ይንሳፈፋል፤ ይገፈፋል፤ የቀረው ብርዝ ነው። ብርዙ ጌሾ ገብቶበት በጋን ከሰነበተ ጠጅ ይሆናል። ሰሙም አይጣልም፤ ጧፍ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ይበራል። የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ተማሪ «ሰምና ወርቅ» ሲል የሚያስበው የወርቅ አንጥረኛውን ሰም ይሁን እንጂ፣ ያው ሰም የመጣው ከዚሁ ቀፎ ነው።

የጎጃም ልጅ ጣፋጭ ሳይቀምስ አላደገም። በማሽላ ማሳ መካከል የሚበቅለውን ጥንቅሽ እየመጠጠ፣ ከወንዝ ዳር የተቆረጠ ሸንኮራ አገዳ እየጋጠ፣ ዋንዛውንና ዶቅማውን፣ እንኮዩንና ሾላውን ከዛፉ እየለቀመ አድጓል። ከተቆላ እህልና ከተወቀጠ ኑግ በመዳፍ ተጨብጦ የሚሠራው ጭብጦ የእረኛ ስንቅ ነበር። በሶ በማር ይበጠበጣል፤ ተልባ በማር ይጠጣል፤ ትኩስ ቂጣ በቅቤና በማር ይፈተፈታል። እንግዲህ የጠፋው ጣፋጭነት አይደለም፤ ማርን ከዱቄት ጋር አቡክቶ፣ ጋግሮ፣ ለወራት የሚቀመጥ ምግብ የማድረግ ልማድ ነው።

ብርዝና ሲታ

ሩስያውያንም በጥንት ዘመን ማርን ያውቁ የነበረው በብርዝነቱ ነው። ማር በውሃ ተበጥብጦ ሲቀጥን «ሲታ» ይሉታል፤ ከጎጃሙ ብርዝ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው። ይህ መጠጥ በጥንታዊው የሩስ ዜና መዋዕል ውስጥ ባለ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ሩስ የተባለው መንግሥት የዛሬዎቹ ሩስያ፣ ዩክሬንና ቤላሩስ የጋራ ምንጭ ነው።

ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው እ.ኤ.አ. በ997 ልዑል ቭላድሚር ወደ ኖቭጎሮድ ሄዶ ሳለ፣ ፔቼኔግ የተባሉት የሜዳ ፈረሰኞች ከኪየቭ አጠገብ ያለችውን የቤልጎሮድን ምሽግ ከበቡ። ረኃብ ጸና። ሕዝቡ ተሰብስቦ እጁን ለመስጠት ቆረጠ። በዚህ ጊዜ በስብሰባው ያልነበረ አንድ ሽማግሌ «ሦስት ቀን ብቻ ታገሡኝ» ብሎ ለመነ። ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ አጃ፣ ስንዴና እንክርዳድ ሳይቀር ገለባ እንዲሰበሰብ አደረገ፤ ሴቶቹም ከዚያ «ኪሴል» የተባለውን ኮምጠጥ ያለ ሙቅ የሚሠሩበትን ፈሳሽ አዘጋጁ። ጉድጓድ አስቆፍሮ በርሜል ቀበረና ፈሳሹን ሞላበት። ማር ደግሞ ከልዑሉ የማር ግምጃ ቤት ተገኘ፤ በውሃ አበጥብጠው በሁለተኛው ጉድጓድ አኖሩት። በማግስቱ የጠላት መልክተኞች ሲገቡ የከተማው ሰው ከጉድጓዱ እየቀዳ፣ ሙቁን እያበሰለ በልቶ፣ ብርዙን ጠጥቶ አሳያቸው። «እኛን ምድሪቱ ትመግበናለች፤ ዐሥር ዓመት ብትከቡን ምን ታመጣላችሁ?» የሚል ነበር መልእክቱ። ጠላትም ቀምሶ፣ ተደንቆ፣ ከበባውን ትቶ ሄደ።

ታሪኩ የተዋበ ተረት ሊሆን ይችላል። ከውስጡ ግን ሁለት እውነቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ከእፍኝ ገለባ ከተማ ያዳነው የሴቶች ሙያ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እህሉ ከየቤቱ ሲሰበሰብ ማሩ የተገኘው ከልዑሉ ግምጃ ቤት መሆኑ ነው። በሩስም ማር ግብር ነበር። ድሬቭልያን የተባለው ነገድ ለኪየቭ የሚያቀርበው ማርና የአውሬ ቆዳ እንደነበረ ያው ዜና መዋዕል ይናገራል። ገበሬው ከጫካ ዛፍ ቡርቡር ውስጥ፣ «ቦርት» ከሚሉት የተፈጥሮ ቀፎ፣ ማር ይቆርጣል፤ ምርጡ ወደ ላይ ይሄዳል። በዚህ ረገድ የሩስ ገበሬና የጎጃም ባላገር ወንድማማች ነበሩ።

ምድጃና ምጣድ

መንገዳቸው የተለያየው በምድጃ ነው። የሩስያ ክረምት ለወራት በረዶ ስለሆነ፣ ቤቱ የሚሞቀውም ምግቡ የሚበስለውም «ፔች» በሚባል ከጡብ ወይም ከሸክላ በተሠራ ግዙፍ ምድጃ ነው። ጠዋት እንጨት ይነድበታል፤ ፍሙ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ግድግዳው ሙቀቱን እስከ ማታ ይይዛል። ይህ ቀስ እያለ የሚበርድ ሙቀት ለማር ሊጥ የተፈጠረ ይመስላል። ማር የነካው ሊጥ በብርቱ እሳት ፈጥኖ ያራል፤ በለሰለሰ ሙቀት ግን እስከ ውስጡ በስሎ ቡናማ ይሆናል። ማር እርጥበት ስለሚይዝም ዳቦው ቶሎ አይደርቅም፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት ይቀመጣል።

«ፕርያኒክ» የሚባለው የማር ዳቦ የተወለደው ከዚህ ምድጃ ነው። በመጀመሪያ ስሙ የማር ዳቦ ብቻ ነበር። «ሮዥ» ከሚሉት፣ ጥቁር ዳቦ ከሚወጣው እህል ዱቄት፣ ከማርና ከዱር ፍሬ ጭማቂ ይሠራ ነበር። ከሕንድና ከመካከለኛው ምሥራቅ ቅመም ወደ ሩስ መግባት ሲጀምር ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ተጨመሩበት፤ ፕርያኒክ የሚለው ስሙም «ቅመማም» ከሚለው ቃል ወጣ። ከሁሉ የታወቀው የቱላ ከተማ ፕርያኒክ ሲሆን፣ በጽሑፍ የተጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1685 በተካሄደ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ነው። ሊጡ በእንጨት ገበታ ላይ በተቀረጸ ምስል ይታተማል፤ ወፍ፣ አበባ፣ ከተማ፣ የሰው ስም ይቀረጽበታል። በሠርግ ማብቂያ ለእንግዶች የሚታደል ትንሽ ፕርያኒክ ነበረ፤ እርሱ ከታደለ እንግዳው ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ሰዓት መድረሱን ያውቃል። ያለ ንግግር እንግዳ የሚያሰናብት ዳቦ ማለት ነው።

የጎጃም ጓዳ ምድጃ ሌላ ባሕርይ አለው። ሦስት ጉልቻ፣ ከላዩ ምጣድ፣ ከሥሩ ፈጣን ነበልባል ነው። ምጣዱ በጥቂት ደቂቃ እንጀራ ያወጣል፤ ለስስና ለፈጣን ነገር ተወዳዳሪ የለውም። ማር የገባበትን ወፍራም ሊጥ ግን ከሥር አሳርሮ ከላይ ጥሬ ይተወዋል። ለዚህ መላ ያገኘው ድፎ ዳቦ ብቻ ነው። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከታችም ከላይም እሳት ተደርጎለት፣ ቀስ ብሎ ይበስላል። ድፎ የሚጋገረው ግን ለበዓልና ለድግስ ነው፤ በዕለት ተዕለት ኑሮ ለእንዲህ ያለ እሳት የሚተርፍ እንጨትና ጊዜ የለም። ሩስያዊቷ ቤቷን ለማሞቅ ባነደደችው እሳት የማር ዳቦዋን እግረ መንገዷን ትጋግር ነበር። የጎጃሟ ሴት ለማር ዳቦ ስትል ብቻ እሳት ማንደድና እንጨት መሸከም ይኖርባት ነበር።

ጉንዶና ግብር

ሁለተኛው ምክንያት ከምድጃው ይልቅ ይከብዳል። በጎጃም ማር የሚለካው በጉንዶ ነበር፤ ጉንዶውም ብዙ ጊዜ ከባላገሩ ቤት ይወጣ የነበረው ለግብር ነው። ጠጅ በይበልጥ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ማዕድ መጠጥ ስለነበር፣ ግብር የሚያበላ ጌታ ሁሉ ማር ይሻ ነበር። አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ሲነግሡ፣ የደብረ ማርቆስ ቤተ መንግሥት የጠጅ ጋኖች የሚሞሉት ከእንዲህ ያለው ማር ነበር። ባላገሩ ጠላውን ይጠጣል፤ ማሩን ይገብራል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከዚሁ አገር፣ ከማንኩሳ ነው። በባላገሩና በጌታው መካከል በግብርና በመታያ የተነሣው ጠብም ከልብ ወለዱ ዐበይት ክሮች አንዱ ነው። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር የተቃወመው የጎጃም ገበሬ በእውኑ ዓለም ተነሣ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የጭሰኝነትንና የባለ ርስት ግብርን ዘመን ዘጋ። በመካከሉ የነበሩት ትውልዶች ማርን ያወቁት ከቤታቸው እንደሚወጣ ሀብት ነው።

ከግብር የተረፈው ማር በቤት ውስጥ ሕግ ነበረው። የሚያዝበት የእናት እጅ ነው። ከጓዳ የሚወጣውም ለሦስት ሰው ነው፦ ለአራስ፣ ለሕመምተኛና ለክቡር እንግዳ። አራስ አጥሚቷን በማርና በቅቤ ትጠጣለች፤ ሳል የያዘው ልጅ ማር ይልሳል፤ እንግዳ ብርዝ ይቀርብለታል። ማር መድኃኒትና ክብር በሆነበት ቤት ዳቦ ውስጥ መጨመር እንደ ብክነት ይቆጠር ነበር። ለማር ዳቦ መወለድ የሚያስፈልገው ትርፍ ማር ነው፤ በጎጃም ባላገር ቤት ያልነበረውም ይኸው ትርፍ ነበር። በሩስያም ቢሆን በማር ብዛት የሠለጠነ ፕርያኒክ የከተማ ባለሙያና የገበያ ሥራ ሆኖ የገነነ እንጂ የድሃ ገበሬ የዕለት ጉርስ አልነበረም።

የቡሬ በርና የቅመም መንገድ

ሦስተኛው ነገር ቅመም ነው። ሩስያ ለማር ዳቦዋ ቅመም ከሩቅ አገር በውድ ዋጋ ስታስመጣ፣ በጎጃም በር ቅመም በበቅሎ ጀርባ ያልፍ ነበር። ቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ በር ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ከከፋ፣ ከጅማና ከወለጋ የሚመጣው የነጋዴ ቅፍለት ቡናውን፣ ወርቁን፣ ዝባዱንና ኮረሪማውን ይዞ ዓባይን እየተሻገረ ወደ ጎጃም ገበያዎች ይገባ ነበር። በዚያው መንገድ ሰውም እንደ ሸቀጥ ይነዳበት እንደነበር መዘንጋት አይገባም። ኮረሪማ ከሄል ጋር የአንድ ቤተ ዘመድ፣ የዝንጅብል ወገን ተክል ነው፤ ሩስያውያን በፋሲካ ዳቧቸው የሚጨምሩት ሄል ከኮረሪማ ብዙ የራቀ አይደለም።

በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ በተደረገው ጦርነት የጎጃም ጦር በምኒልክ ጦር ተሸነፈ፤ የደቡብ ምዕራቡ ንግድ አቅጣጫም ወደ ሸዋ ዞረ። ቡሬ ከዚያ በኋላም ገበያነቷን አልተወችም፤ ነገር ግን የጎጃም ነገሥታት ቅመሙንና ወርቁን ከምንጩ የሚቆጣጠሩበት ዘመን አበቃ። ኮረሪማው በምዕራብ ጎጃም ጓዳ ቀርቷል፤ የሚገባው ግን በቅቤ ማንጠሪያ፣ በበርበሬና በሽሮ ነው። ማርና ኮረሪማ በአንድ ጓዳ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ለዘመናት ተቀምጠው በአንድ ሊጥ ሳይገናኙ ኖሩ።

መስኮብና ሐበሻ

ሩስያን የቀደመው ኢትዮጵያዊ «መስኮብ» ይላት ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩስያ ቀይ መስቀል የሐኪሞች ጓድ ቁስለኞችን ለማከም አዲስ አበባ ገባ። ከዓድዋ ጦርነት ማግስት ገና በልጅነታቸው ወደ ሩስያ የሄዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩስያውያን ቤተሰብ መካከል አድገው፣ በፒተርስቡርግ የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው ተመለሱ። ለኢትዮጵያ ቴአትር በር የከፈተውን «ፋቡላ» የተባለውን የአውሬዎች ኮሜድያ የጻፉ፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁም እርሳቸው ናቸው።

ለጎጃም ሰው መስኮብ ይበልጥ የቀረበው በ1955 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ሩስያውያን መምህራንም በጣና ዳር ኖሩ። በኋላም በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለትምህርት ወደ ሶቪየት ከተሞች ተጓዙ። እነዚህ ተማሪዎች በዚያ ያገኙት ማዕድ ሙሉ በሙሉ እንግዳ ሊሆንባቸው አይችልም ነበር። ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የ«ማስሌኒትሳ» ሳምንት የሚጋገረው «ብሊኒ» ከቦካ ሊጥ በምጣድ የሚወጣ የእንጀራ ታናሽ ወንድም ነው፤ ማር ይፈስበታል። በገና ዋዜማና በሙታን መታሰቢያ የሚበላው «ኩትያ» የተቀቀለ ስንዴ ነው፤ ሲታ ይደረግበታል፤ የተወቀጠ የፖፒ ፍሬና ለውዝ ይጨመርበታል። በጎጃም ለቅሶ ቤት ንፍሮ የዘገነ ሰው ኩትያን ቢያይ ማነጻጸሩ አይቀርም። ሁለቱም ሕዝቦች ሙታናቸውን በተቀቀለ ስንዴ ያስባሉ፤ ሩስያዊው ማር ጨመረበት፤ ሐበሻው ማሩን ለጠጁ አስቀረ።

የስኳር መምጣት

የማርን ዙፋን በሁለቱም አገር የወሰደው ስኳር ነው። በሩስያ ከቀይ ሥር ወገን ከሆነው ነጭ ሥር ስኳር የሚያወጣው የመጀመሪያው ፋብሪካ በቱላ አውራጃ በአልያቤቮ እ.ኤ.አ. በ1802 ሥራ ጀመረ። ምዕተ ዓመቱ ሲገፋ ስኳር ረከሰ፤ ሻይ ተስፋፋ። በማርና በቅመም ተፈልቶ በየመንገዱ ይሸጥ የነበረው «ስቢቴን» የተባለ ትኩስ መጠጥም ቦታውን ለሻይ ለቀቀ።

በኢትዮጵያ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ተከፈተ። ወንጂ ከጎጃም ሩቅ ይሁን እንጂ ስኳሩ በመኪና መንገዱ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ደረሰ፤ ሻይ ቤቶችም ተከተሉት። ከዚያ አስቀድሞ የጣልያን ወረራ የምድጃውን ስም አምጥቶ ነበር። «ፉርኖ» በጣልያንኛ የዳቦ ምድጃ ነው፤ አማርኛው ለዳቦው ቤትም ለነጩ ዱቄትም ወስዶታል። ብስኩትና ከረሜላ፣ ኬክና ቶርታ፣ ሁሉም ከውጭ የመጡ ስሞች ናቸው። አማርኛ ለማር ቆረጣ፣ ለቀፎ፣ ለሰፈፍ፣ ለብርዝና ለጠጅ የራሱ ሞልቶ የተረፈ ቃላት እያለው፣ ተጋግሮ ለሚበላ ጣፋጭ ስም ሲያስፈልገው ከሌላ ተበደረ። ቃሉ የተበደረው ዕቃው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በገንዘብ ተገዝቶ ስለመጣ ነው። የሕፃኑ ጣፋጭ ከጥንቅሹና ከጭብጦው ወደ ሱቅ ተዛወረ፤ ከእናቱ እጅ ወጥቶም የባለ ሱቁ ሆነ።

በቤት ውስጥ

ታሪክ እንዲህ ወስኖ ነበር ማለት ሁልጊዜ እንዲህ ይኖራል ማለት አይደለም። ማሩን ከዱቄቱ የለዩት ምክንያቶች ዛሬ ላልተዋል። የጌታ ግብር ቀርቷል። ባለ ሣጥን ዘመናዊ ቀፎ በዓመት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ሊሰጥ ይችላል፤ ማሩም በመጭመቂያ ከሰሙ ተለይቶ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም የአካባቢው ምርት በአካባቢው ተሠርቶ እንዲወጣ የታሰበ ነው። የቀረው የጓዳው ድርሻ ነው።

ፕርያኒክ በጎጃም ጓዳ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አንድ ብርጭቆ የተጣራ ማርና የእንቁላል መጠን ያለው ለጋ፣ ቅመም ያልገባበት ቅቤ በለሰለሰ እሳት ይቀልጣል፤ መፍላት የለበትም። የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋና ጥቂት ቅርንፉድ ይነሰነስበታል። ትኩስ እንዳለ አንድ ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት እየተጨመረ ይማሰላል፤ ትኩሱ ማር ዱቄቱን ስለሚያበስለው ሊጡ ይለሰልሳል። ሲበርድ አንድ እንቁላል፣ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳና ሊጡ ከእጅ እስኪለቅ የሚበቃ ተጨማሪ ዱቄት ይገባል። ሊጡ ተሸፍኖ ቢያድር ቅመሙ ይዋሐደዋል። በማግስቱ በጣት ውፍረት ተዳምጦ ይቆረጣል። ፉርኖ ለሌለው ቤት የድፎ ዳቦ ብልሃት ይበቃል፤ ምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፣ ከላይ በአክንባሎ ተከድኖ ጥቂት ፍም ይደረግበታል። እሳቱ ከድፎ ዳቦው እሳት ይልቅ መድከም አለበት፤ ማር አይታገሥም። በጾም ጊዜ ቅቤውና እንቁላሉ ቀርቶ በዘይት የሚሠራ ፕርያኒክ ሩስያውያንም አላቸው።

አይብም ሌላ ዕድል አለው። ለፋሲካ ሩስያውያን «ፓስኻ» የሚሉትን ይሠራሉ፤ ከወተት የሚወጣ፣ ከአይብ የሚመሳሰል «ትቮሮግ» በቅቤና በስኳር ተለውሶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ያድራል፤ ዘቢብ ይገባበታል። የጎጃም አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ደረቅ ነው፤ ለጋ ቅቤ ሲመለስበትና በማር ሲለወስ ግን የጎደለውን ያገኛል። ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲወጣ ቅርጹን ይዞ በቢላዋ ይቆረጣል። ኩትያም ቢሆን ከንፍሮው አንድ እርምጃ ነው። የተቀቀለው ስንዴ ላይ ጥቂት ብርዝ አፍስሶ፣ በፖፒው ፋንታ ተቆልቶ የተወቀጠ ኑግ ወይም ሰሊጥ ቢነሰነስበት፣ የጭብጦው የድሮ ጣዕም በሌላ መልክ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የሰውን ማዕድ ለመቅዳት አይደለም። ብሊኒው እንጀራን አይተካም፤ ፕርያኒኩም ጠጅን አያስረሳም። ጉዳዩ የማሩ ባለቤትነት ጉዳይ ነው። ለብዙ ዘመን የቀፎው ጌታ ገበሬው ሲሆን የማሩ ጌታ ሌላ ነበር። ዛሬም ከምዕራብ ጎጃም የሚወጣው ማር አብዛኛው ጥሬውን ተሽጦ ወደ ከተማ ጠጅ ቤቶች ይጓዛል፤ የሸጠው ገበሬ በዚያው ገንዘብ ለልጁ ብስኩትና ከረሜላ ገዝቶ ይመለሳል። ማሩ ኪሎውን ሲሸጥ የሚያገኘው የማሩን ዋጋ ነው፤ በጓዳ ከዱቄትና ከኮረሪማ ጋር ተቦክቶ ቢወጣ ግን የሴቲቱ ሙያም አብሮ ዋጋ ያገኛል፤ ቱላ ስሟን ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው። የቤልጎሮድ ሴቶች ከእፍኝ ገለባና ከልዑል ማር ከተማ አዳኑ ይባላል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ሴቶች ማሩ የራሳቸው ከሆነ ዘንድ፣ ከርሱ ምን እንደሚወጣ ለመወሰን የሚያንስ እጅ የላቸውም።